ደጋኑ አንድ፣ ፍላጻው ሁለት

ወንድሜ በእጁ ከጻፈው ነገር በቤታችን የቀረው አንድ ደብተር ብቻ ነው። ከጦር ማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ልኮልን ነበር፤ እሱንም ጓደኛው ነው የጻፈለት፣ ቀኝ እጁ ቆስሎ ስለነበር። የትምህርት ቤት ደብተሮቹን እናቴ በየክረምቱ እሳት ማያያዣ አድርጋቸው አልቀዋል። ማን አወቀ። ስለዚህ የቀበሌው ጥበቃዎች ቤታችን ገብተው ያንን ደብተር ሲወስዱ፣ የወሰዱት ወረቀት አልነበረም። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ሌላው እንደፈለገ ይየው።

ደብተሩ ስለ ጦር መሣሪያ ነው። አልክድም። ያኔም አልካድኩም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ሲቀር፣ እናቴ ወጥ ቤት በምትሠራበት ሆቴል አስተናጋጅ ሆኖ ገባ። ሆቴሉ አሰበ ተፈሪ መግቢያ ላይ፣ የሐረር አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ነው። አንድ መኪና የተበላሸበት ፈረንጅ እዚያ አራት ቀን አድሮ ሲሄድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አልጋው ሥር ረስቶ ሄደ። ወንድሜ ይመለሳል ብሎ አስቀመጠለት። አልተመለሰም። ያን ክረምት ወንድሜ መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየታገለ ወደ አማርኛ ገለበጠው።

ጨዋታ ነው። ሰሌዳ የለውም። አንዱ ዳኛ ሆኖ ይተርካል፤ ሌሎቹ በትረካው ውስጥ ጀግና ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ያሉት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስነዋል። መጽሐፉ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ የሚባል ዕጣ መጣያ ይፈልጋል ይላል። አሰበ ተፈሪ ላይ እንኳን ሃያ፣ ስድስት ፊት ያለውም አይገኝም ነበር። ወንድሜ ከሆቴሉ ሃያ የቢራ ቆርኪ ለቀመና ከአንድ እስከ ሃያ በውስጣቸው ጻፈባቸው። ስድስት የለስላሳ ቆርኪ ጨመረ፤ ከአንድ እስከ ስድስት። ሁለቱንም ለየብቻ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አደረገ።

የምንጫወተው ሦስት ነበርን። ወንድሜ፣ እኔ፣ እና አንድ ጫት አሳሪ ጓደኛችን። ቦታው የጓደኛችን አባት ጫት የሚያሳስሩበት ክፍል ነበር። መኪናው ጫቱን ጭኖ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ጥግ ላይ ገራባ፣ የጫት ጥራጊ፣ ተቆልሏል። ጓደኛዬ እየቃመ ይጫወታል። ወንድሜ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ቅጠል አይነካም። «ዳኛ ከመረቀነ ሁሉም ሰው ይመታል» ይል ነበር።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልጻፍ። ይህን ካልጻፍኩ ሌላው አይገባም።

በጨዋታው ውስጥ ጀግና የሚይዘው ጎራዴ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ አስማት የገባበትም ሊሆን ይችላል። አስማት የገባበት ከሆነ ከጎኑ የመደመር ምልክትና ቁጥር ይጻፋል። ወንድሜ ለዚያች ቁጥር የሚሆን ቃል ሲፈልግ ብዙ ቆየ። «ትርፍ» ብሎ ሰረዘ። «ጭማሪ» ብሎ ሰረዘ። ከዚያ አንድ ቀን ጫት ተራ ቆሞ፣ ሻጯ ዙርባውን፣ የጫቱን እስር፣ ካስረከበችው በኋላ ሁለት ቀንበጥ መዝዛ ስታክልለት፣ እየሮጠ ቤት መጣ።

«ምራቂ!» አለኝ በሩ ላይ። «ምራቂ ነው የሚባለው!»

አሠራሩ ይህ ነው። የዘንዶው ቆዳ ጥንካሬ አሥራ አምስት ነው እንበል። ከቢራው ጣሳ አንድ ቆርኪ ታወጣለህ። አሥራ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ መታኸው። አሥራ አራት ከወጣ ሳትከው። ጎራዴህ አንድ ምራቂ ካለው ግን አሥራ አራቱ አሥራ አምስት ይሆንልሃል። ያችው ምራቂ ሁለተኛም ትሠራለች፤ ከመታኸው በኋላ ምን ያህል እንደጎዳኸው ለማወቅ ከለስላሳው ጣሳ ስታወጣ፣ እዚያም ላይ ትደመራለች። ምራቂ የሌለው ብረት ጨርሶ የማይነካቸው አውሬዎችም አሉ። ሃያ ብታወጣም አይነካቸውም። ወንድሜ እነዚህን ከቁኒ ጫካ አወረዳቸው፤ ቦርደዴ ቆላ ድረስ ያሳድዱን ነበር።

«አንድ ምራቂ ግን ምን ትረባለች?» አልኩት አንድ ቀን። እውነት ለመናገር ትንሽ መስላኝ ነበር።

«ከሃያው ቆርኪ የአንዱን ዕድል ነው የምትለውጠው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ኖረችም አልኖረችም ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን እንለፋለን?»

«ለሃያኛው» አለኝ።

ተቀናሽም አለ። ለጓደኛዬ የደረሰው ጎራዴ ተቀናሽ አንድ ነበር። የተረገመ ነው፤ አንዴ ካነሳኸው አትጥለውም፤ ሌላ ልትመዝ ስትል እጅህ ላይ የምታገኘው እሱኑ ነው።

«ወላሂ፣ የአጎቴ ሚስት ናት ይቺ!» አለ ጓደኛዬ።

«አጎትህ ይስማህ!»

«ይስማኛ። እሱም የሚለው ይህንኑ ነው።»

ጎራዴው ስለበደለው ወንድሜ በኋላ እርግማኑን አስፈትቶ ደጋን ሰጠው። ደጋኑ አንድ ምራቂ አለው። ከዋሻው ውስጥ ደግሞ ሁለት ምራቂ ያላቸው ፍላጻዎች አገኘ። ጓደኛዬ አንድና ሁለት ሦስት ነው ብሎ ተነስቶ ጨፈረ። ወንድሜ አይደመርም አለ። ትልቁ ብቻ ይያዛል፤ ሁለት ነው።

ያን ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። አንዱ በኦሮምኛ ሲጀምር ሌላው በአማርኛ ይጨርሳል። በመጨረሻ ወንድሜ ደብተሩን አወጣና ገጽ አሥራ አንድ ላይ ደንቡን ከነምክንያቱ ጻፈው። ጓደኛዬ አነበበው፣ ምራቁን ዋጠ፣ «ቆይ ብቻ» አለ። ክርክሩ በዚህ አለቀ።

ከዚያ ዝርዝሩ ወጣ። የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር። ስሞቹን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆመው ያነበቡት ሊቀ መንበሩ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ነበሩ፤ የሱም የእኔም። የወንድሜን ስም ሲያነቡ ድምፃቸው አልተለወጠም። ይህን አስታውሳለሁ፤ ይለወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ሲሄድ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ይዞ ሄደ። ደብተሩንና ጣሳዎቹን ለእኔ ተወልኝ። «ዳኛው አንተ ነህ» አለኝ። «አታዳላ።»

መርዶው የመጣው በዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሬሳ የለም። መቃብር የለም። የት እንደሆነ እንኳ በትክክል የነገረን የለም፤ ሰሜን አሉን፣ በቃ። ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ «ታዛዥ ልጅ ነበር» ይላል። ታዛዥ አልነበረም። ተከራካሪ ነበር። ሰው ሁሉ ሌላ ልጅ የሚያለቅስ መሰለኝ። ደብተሩን ስከፍት ግን እሱ ራሱ ነበር፤ ስርዝ ድልዙ፣ አንቀጽ ሲጨርስ ነጥቡን ሁለቴ የሚጫነው ነገር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብተሩንና ጣሳዎቹን ይዤ ወደ ጫት ማሰሪያው ክፍል ሄድኩ። ከጓደኛዬ ጋር ተጫወትን። እኔ ዳኛ፣ እሱ ደጋኑን ይዞ። አንዲት ጎረቤታችን ገራባ ለፍየሎቿ ልትወስድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ! የወንድምህ አርባ ሳይወጣ ዕጣ ትጥላለህ?»

«አዎ።»

«በስመ አብ! እናትህ ታውቃለች?»

«ይንገሯት።»

ክፉ ነው የመለስኩላት፤ ትልቅ ሴት ናት። አሁንም ግን አልጸጸትበትም። የሐዘን ወግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ራሴን ተላጭቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ መሬት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በላይ የቀረውን እንዴት እንደማደርገው ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም።

እሷ ለማን እንደነገረች አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጥበቃዎች መጡ። ጣሳዎቹን ወሰዱ። ደብተሩን ሲከፍቱት በመሃል ገጹ ላይ ዝርዝር አገኙ፤ የጀግኖቻችን መሣሪያ ዝርዝር ነው። ጎራዴ፣ ሲደመር ሁለት። ጦር፣ ሲደመር አንድ። ጩቤ፣ ሲደመር አንድ። መጥረቢያ፣ ሲደመር ሦስት። እንዲህ እያለ ሰባት ነው። በየጎኑ ባለቤቱ ተጽፏል።

ጥበቃዎቹ ደመሩት። መሣሪያዎቹ ሰባት፣ ምራቂዎቹ አሥር። አሥራ ሰባት የጦር መሣሪያ በስውር ተይዟል ብለው ሪፖርት ጻፉ። ተቀናሽ አንዷን ጎራዴ ደግሞ ጎድላ አገኟት። ጽሕፈት ቤት ስቀርብ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ይህ ነው፤

«ይቺ የጎደለችው አንድ የት ገባች?»

ጓደኛዬ ምስክር ሆኖ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ሳቅ አምልጦት ሳል አስመሰለው። ለእሱም ለእኔም የሚያስቅ ጊዜ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ የታሰረ ሰው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። ደብተሩ ፊታቸው ነው፤ ጣሳዎቹም። በትምህርት ቤት ልማድ «ጋሼ» ልል አፌ ላይ መጣ፤ መለስኩት።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ አስረዳ።»

አስረዳሁ። ስለ ቆዳ ጥንካሬ፣ ስለ ሃያው ቆርኪ፣ ስለ ምራቂ፤ ምራቂው የመሣሪያ ቁጥር ሳይሆን በዕጣው ላይ የሚደመር መሆኑን። ስናገር እንደምንተባተብ አውቃለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሳያቋርጡ ሰሙ፤ ሒሳብ ሲሆን ሁልጊዜም እንዲህ ነበሩ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«አሳየኝ። ለእኔ የቱን ትሰጠኛለህ?»

ጓደኛዬን አየሁት። በአገጩ ፈቀደ። «ደጋኑን ይያዙ። ደጋኑ አንድ ምራቂ አለው፤ ፍላጻው ሁለት። ዘንዶው አሥራ አምስት ነው።»

ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ከተቱና ቆርኪ አወጡ። አሥራ ሁለት።

«አሥራ ሁለትና ሦስት አሥራ አምስት» አሉ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ደስ ብሏቸዋል። «ተመታ!»

«አልተመታም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ምራቂዎቹ አይደመሩም። ትልቁ ብቻ ነው የሚያዘው። አሥራ አራት ነው። ሳቱት።»

አንደኛው ጥበቃ ከበሩ ላይ «ኧረ ተመቷል!» አለ። ጓደኛዬ እግሬን ረገጠኝ። «ማሎ!» ብሎ በሹክሹክታ ለመነኝ። «ማሎ፣ ተመታ በላቸው!»

«አንድና ሁለት ስንት ነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ሦስት።»

«ማን ነው ያስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ?»

«በዚህ ደብተር ሁለት ነው።»

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። «ስማኝ ልጄ። ደብተርህን ትፈልጋለህ አይደል? ተመታ በል፣ ጨዋታ መሆኑን አምኜ፣ ይዘህ ትሄዳለህ። የሚዋሽ ጨዋታ ከሆነ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ወደ አውራጃ ይሄዳል።»

እውነቱን ልናገር፤ በልቤ ብያለሁ። ተመታ፣ ተመታ። አንድ ቃል ናት። ከአፌ ግን አልወጣችም።

«ዳኛው እኔ ነኝ» አልኩ። «አልተመታም።»

«ይህን ደንብ ማን አወጣው?»

«ወንድሜ።»

«ወንድምህ…» ብለው አቋረጡ።

«ሞቷል» አልኩ። «አውቃለሁ። የጻፈው ግን እዚያ አለ። ገጽ አሥራ አንድ። ያንብቡት።»

አነበቡት፤ ድምፅ አውጥተው፣ እንደ መምህር። «ሁለት ምራቂ ቢኖርህ ትልቁን ብቻ ያዝ። ያገኘውን ሁሉ የሚደምር ሰው በመጨረሻ የማይስት ይሆናል። ከማይስት ሰው ጋር መጫወት ምን ያደርጋል? እሱ ብቻውን ይጫወት።» ደብተሩን ዘጉት። ዓይናቸውን ወደ እኔ አላመጡም።

«ምርመራው አላለቀም» አሉ። «አርብ ከሰዓት ተመለስ።»

አርብ ተመለስኩ። ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድ ቆርኪ አወጡ፤ አራት። «በሁለታችንም አልተመታም። ሂድ፤ በሚቀጥለው አርብ» አሉ። በሚቀጥለው አርብ ዘጠኝ ወጣ። ከዚያ ሁለት። በእያንዳንዱ ጊዜ ማስታወሻ ላይ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። ጥበቃዎቹ ለምደውት በሩ ላይ ተሰብስበው ያያሉ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ በመጥረቢያው ቢሞክሩትስ?» አለ አንዱ።

«ዝም በል አንተ!»

እናቴ ግን አልለመደችውም። አርብ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትቆማለች።

«ተመታ ብትል ምን ይጎድልብሃል?»

«ደንቡ…»

«የምን ደንብ! አንዱን ወስደውብኛል። አንተን ደግሞ ለዘንዶ ብዬ ልስጥ?»

 እሷ ልክ ናት። እኔም ግን ተሳስቻለሁ አልልም። ያን ቃል ብል ደብተሩ ቤት ይገባል፤ በእጄ የምይዘው ግን የሱ አይሆንም። ገጽ አሥራ አንድን ባየሁ ቁጥር ሊቀ መንበሩን ነው የማየው። ይህን ለእናቴ ልነግራት ሞከርኩ። ተሳሰረብኝ። «አልታሰርም፣ አትፍሪ» ብቻ አልኳት፤ እሱንም አላውቅም ነበር።

በሰባተኛው አርብ አሥራ ሦስት ወጣ።

ሊቀ መንበሩ ቆርኪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። 

«በእኔ አሥራ ስድስት» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«በወንድሜ አሥራ አምስት።»

«ተመታ?»

«ተመታ» አልኩ።

እሳቸው ደንቡን አልተቀበሉም፤ እኔም የሳቸውን አልተቀበልኩም። መሳቢያውን ከፍተው ደብተሩን አወጡ። ሲሰጡኝ ግን በአንድ ጫፍ እንደያዙት «ወንድምህ ጎበዝ ተማሪ ነበር» አሉኝ።

«ስሙን ያነበቡት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ለማለት አስቤ አልሄድኩም። ወጣ። በሩ ላይ የነበሩት ጥበቃዎች መሬት መሬት አዩ። ሊቀ መንበሩ ጫፉን ለቀቁ። «ሂድ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ምን እንደነበረበት አላውቅም፣ ለማወቅም አልሞከርኩም። አላመሰገንኳቸውም። ጣሳዎቹን ራሴ አንስቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ስገልጠው የመሣሪያው ዝርዝር ያለበት ገጽ ተቀዶ ወጥቷል። ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ወደ አውራጃ ሄዷል አሉ። ዛሬም የሆነ ቦታ አንድ ፋይል ውስጥ አሥራ ሰባት የጦር መሣሪያ አለን። የቀረው ገጽ ሁሉ የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት በወይን ጠጅ ቀለም ማኅተም ተመቶበታል። አንዳንዱ ማኅተም ጠርዙ ላይ ነው። አንዳንዱ ጽሑፉ ላይ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ «ብቻውን» የምትለዋን ቃል ሸፍኗታል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ገጽ በገጽ ገለጠችው።

«እሱ የጻፈው የቱ ነው?»

«ሁሉም።»

«ይሄ ክቡስ?»

«የነሱ ነው። ማኅተም ነው።»

አውራ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ማኅተሙን ማሸት ጀመረች። ቀለሙ ተሰራጨ። እጇን ያዝኩት።

«ተይ እማዬ። የሱም ቀለም አብሮ ይሄዳል።»

ጣቷን አየችው። ወይን ጠጅ ሆኗል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ደብተሩን መለሰችልኝ።

«እንግዲያው ይቀመጥ» አለች። «አንተ ግን ስታነብልኝ እሱን ዝለለው።»

ከገጽ አንድ ጀመርኩላት።